ሮማ በ11 ቁጥር

አዲስ አበባ ላይ «በምን መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በእግሩ የመጣ ሰው ክብሩን ሳይጥል የሚመልሳት አንዲት መልስ አለች፤ «በ11 ቁጥር!» ሁለት እግሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚሠሩት ቁጥር ነው። 11 ቁጥር አውቶቡስ ነዳጅ አይጨርስም፣ ሰልፍ የለበትም፣ ረዳቱም መልስ ሳይሰጥ አይጠፋም። ቀልዱ ያስቃል፤ ከሳቁ ሥር ግን ትንሽ እፍረት አለች። እኛ ዘንድ በእግሩ የሚመጣ ሰው ምክንያቱንም አብሮ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ «ታክሲ ጠፍቶ እኮ ነው»፣ «መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ነው»፣ «ስኳር አለብህ፣ ተራመድ ብለውኝ ነው»። ሐኪም ሳያዘው የሚራመድ ሰው ካየን «ምን ነክቶት ነው?» እንላለን።

በዚህ እምነት አድጌ ነው እንግዲህ፣ ሮማ ላይ ሰው ለመራመድ ገንዘብ እንደሚከፍል የሰማሁት።

ነገሩ የተጀመረው በአክስቴ ልጅ ቤት፣ ራት ጠረጴዛ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ሮማ ከገባች 20 ዓመት አልፏታል። ሥራዋ ጣሊያኖች «ባዳንቴ» የሚሉት ነው፤ 90 ዓመት ያለፋቸውን አንዲት ሲኞራ ትጦራለች። ታነሣቸዋለች፣ ታስቀምጣቸዋለች፣ በዊልቸር ገፍታ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች። ይቆጣጣሉም፤ ማን ማንን እንደሚቆጣ እንደ ቀኑ ነው። ዕረፍቷ እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ እኔና ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት እንግድነት ስንመጣ ሦስት በራሪ ወረቀቶች ሰብስባ ጠበቀችን። አንዱ የአውቶቡስ፣ አንዱ የቢስክሌት፣ አንዱ የእግር ጉብኝት።

«እኔ አውቶቡስ ነኝ» አለች ባለቤቴ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳትገልጥ። «ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥዬ ሮማ የመጣሁት ለመራመድ አይደለም። መራመድማ ጉለሌም ሞልቶልኛል።»

ሮማ የተወለደው የአክስቴ ልጅ ልጅ ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ቢስክሌት ነው የሚያምረው፣ አጎቴ» አለ። ዕድሜው 14 ነው፤ በ14 ዓመት ጉልበት ሁሉም ነገር ያምራል።

እኔ ሒሳቡን ዓይቼ ለእግር ወገንኩ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ሳነብ ግን ከሥሩ ዋጋ ተጽፎበታል። ጫማው የራሴ፣ እግሩ የራሴ፣ ላቡ የራሴ፤ ዩሮው የምን ነው? ወረቀቱን ገልብጬ ዓይኔን ሳንከራትት ከጀርባው ሌላ አገኘሁ፤ «ነጻ የእግር ጉብኝት፤ በመጨረሻ ደስ ያለዎትን ይሰጣሉ» ይላል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ያለጊዜው እንደነበር ያወቅሁት ረቡዕ ዕለት ነው።

«አትጨቃጨቁ» አለች የአክስቴ ልጅ። «ሰኞ አውቶቡስ፣ ማክሰኞ ቢስክሌት፣ ረቡዕ በእግር። ሐሙስ ከሰዓት የእኔ ናችሁ።»

«ለመሆኑ አንቺ ኮሎሲየም ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ምን ልሠራ፣ ጋሼ? እዚያ የማውቀው ሰው አለ?»

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱን የተሳፈርነው ተርሚኒ ከሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ጣሪያ የሌለው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ነው፤ ደስ ባለህ ቦታ ትወርዳለህ፣ ከኋላ በሚመጣው ትሳፈራለህ። አደባባዩ «ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ» ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ታሪክ የተማረ ሐበሻ አይጠፋውም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ገጥመው የቀሩት ወታደሮች ናቸው። እዚያው ቅርብ ደግሞ ከግብጽ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት በስማቸው ቆሟል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

«እና ጉብኝቱ የሚጀምረው በራስ አሉላ ነዋ!» አለች። ቲኬቱ ሲገዛ በልቧ ወደ ብር መንዝራው ያኮረፈችው ኩርፊያ በዚያው በረደ።

በየወንበሩ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ አለ። ቋንቋዎቹ በየባንዲራቸው ተደርድረዋል፤ የእኛ ባንዲራ የለም። ባለቤቴ በወጣትነቷ ቤሩት ሠርታ ስለነበር ዓረብኛውን መረጠች፣ እኔ እንግሊዝኛውን። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን እኩል አይሄዱም። የእሷ ዓረብኛ ከእኔ እንግሊዝኛ አንድ ሐውልት ይቀድማል። እሷ ዘንድ ኔሮ ሲሞት እኔ ዘንድ ገና አልነገሠም። «ውይ፣ አለቀለት!» ስትለኝ «ማን?» እላለሁ፤ እኔ ሰምቼ ሳዝን እሷ ሌላ ንጉሥ ይዛለች። አንዴማ ሁለቱም ተስማምተው «በስተቀኝዎ የሚታየው ታላቁ...» ሲሉ ዞር ብንል፣ በስተቀኛችን የሚታየው ቆሻሻ የሚጭን መኪና ነበር። ባለቤቴ ጨዋ ስለሆነች ፎቶ አነሣችው።

ወሩ ሐምሌ ነው። «ሐምሌ አይደል?» ብላ ትልቅ ጃንጥላ ከአዲስ አበባ ተሸክማ በመምጣቷ አውሮፕላን ላይ ስቄባት ነበር። እላይ ፎቅ ላይ ፀሐዩ አናት አናታችንን ሲለን ዘረጋችው፤ ለካስ ጃንጥላው ትክክል ነበር፣ የቀረው ዝናቡ ነው። ከኋላችን የተቀመጡት ግን የሮማ ታሪክ በሙሉ በጃንጥላ ተከለለባቸው።

ስለ አውቶቡስ ሐቁን ልናገር፤ እግር አያሳምምም፣ ከተማይቱንም በአንድ ጊዜ እንደ ትሪ ያቀርብልሃል። ኮሎሲየም፣ የቲቤር ወንዝ፣ የጴጥሮስ ጉልላት፣ ሁሉም ከነቦታው። ጨርሰህ ስትወርድ ምኑ የት እንደሆነ ታውቃለህ። ነገር ግን እንደ ሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ሁሉም ሰው ይታያል፣ ማንም አያናግርህም። ቀይ መብራት ይዞን ሲቆም፣ ሰገነቷ ላይ ልብስ ከምታሰጣ ሴትዮ ጋር ፊት ለፊት ገጠምን። እሷ እኛን አየችን፣ እኛ አንሶላዋን አየን። እጄን ለሰላምታ ሳነሣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። በዚያ ቀን ከሮማ ሰው ጋር የነበረኝ ረጅሙ ትውውቅ ይኸው ነው።

ደግሞ የሮማ መሐል መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባለ ፎቅ አውቶቡስ አያስገባም። ማዳመጫው «ትሬቪ ምንጭ ከዚህ ጥቂት ይርቃል» ብሎ አውራ ጎዳና ላይ ያወርድሃል። የወረድንበት ምልክት ላይ ግን አንድ ቃል አነበብኩና ልቤ ዘለለ። «ፌርማታ» ይላል። የእኛው ፌርማታ! ከ11 ቁጥር በቀር ሁሉ የሚቆምበት ፌርማታ!

እዚህ ላይ ስለ ጣሊያንኛዬ መናገር አለብኝ። የእናቴ ወንድም ጋራዥ ስለነበረው ክረምት ክረምት እዚያ እውል ነበር። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፤ ይህን ሁሉ አማርኛ ነው ብዬ አድጌ፣ ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። በዚህ ቋንቋ አንድ ፊያት ፈትቶ መግጠም ይቻላል። ምሳ ማዘዝ ግን አይቻልም።

ማክሰኞ የቢስክሌቱ ቀን ነው። ባለቤቴ «እኔ ከሲኞራዋ ጋር እውላለሁ» ብላ ቀረች፤ ከልጁ ጋር ሁለት ሆነን ሄድን። መንገዱ ቪያ አፒያ አንቲካ ነው፤ ሮማውያን እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 መሥራት የጀመሩት መንገድ። ያስጀመረው ሹም አፒየስ ክላውዲየስ በስተርጅናው ዓይኑ ጠፍቶ «ዕውሩ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። መንገዱ ላይ አሥር ደቂቃ እንደነዳሁ፣ ሰውዬው ሥራውን ሳያየው በመሞቱ ዕድለኛ ነው አልኩ።

ሮማ ሁለት ዓይነት ድንጋይ አላት። መሐል ከተማ ያለው ትንንሹ ጥቁር ጥርብ «ሳምፒየትሪኒ» ይባላል፤ ስሙ ከቅዱስ ጴጥሮስ የመጣ ነው። በዚያ ላይ በቢስክሌት ስትሄድ ጥርስህ ይጋጫል። አፒያ አንቲካ ላይ ያለው ደግሞ እንደ ወፍጮ መጅ የተንጋለለ ትልልቅ ባዝልት ነው፤ በእርሱ ላይ የሚጋጨው አጥንትህ ነው። እኔ ለሰርግም ተጎትቼ ካልሆነ እስክስታ የማልወርድ ሰው፣ ያን ቀን ያለ ከበሮና ያለ ማሲንቆ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትከሻዬን ስሰብቅ ዋልኩ። የጀርመን ባልና ሚስት ከኋላዬ ነበሩ፤ የአገሬ አነዳድ መስሏቸው በአክብሮት ይመለከቱኛል።

በልጅነቴ ሰፈራችን ቢስክሌት በደቂቃ ይከራይ ነበር። ገና መንዳት ሲጥመን ባለቢስክሌቱ «ጨርሰሃል! ውረድ!» ብሎ ከኮርቻው ያወርደናል። ያን ሰውዬ ስንት ዓመት ሙሉ ጠላሁት። አፒያ ላይ ግን «ውረድ» የሚለኝ ሰው በጣም ናፈቀኝ።

መሐል ላይ ፔዳሌ ባዶውን መዞር ጀመረ። አስጎብኚያችን ወጣት ከሩቅ አይቶኝ እየጮኸ መጣ። «ካቴና! ካቴና!»

ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ከቢስክሌቱም ወረድኩ። ሁለት እጆቼን አንድ ላይ አድርጌ ወደፊት ዘረጋሁ። የሰው አገር ሕግ አላውቅም፤ ምናልባት የንጉሥ መቃብር ላይ ነድቼ ይሆናል። ወጣቱ እጆቼን ግራ ገብቶት አየ። የአክስቴ ልጅ ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ በሳቅ ይንፈራፈራል።

«አጎቴ፣ ሰንሰለቱ ወልቋል ነው የሚልህ! ካቴና ማለት ሰንሰለት ነው!»

እንግዲህ ይህ ቃል ወደ አገራችን ሲመጣ የቢስክሌት ሥራውን ትቶ ፖሊስ ቤት ተቀጥሯል ማለት ነው። የጋራዥ ጣሊያንኛዬ ላይ የነበረኝ እምነት ያን ቀን ተሸረሸረ።

ለቢስክሌት ግን ፍርድ አልነፍገውም። አውቶቡስ በማይገባበት ገብቻለሁ። ዝግባ የሚመስሉ ረጃጅም የጥድ ዛፎች ጥላ፣ የፈረሱ መቃብሮች፣ ከሥር ክርስቲያኖች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው ዋሻዎች፣ ሜዳው ላይ የሚግጡ በጎች፤ ሮማ ድንገት ደብረ ብርሃን ሆና ቁጭ ትላለች። ነፋሱ ፊትህን ይዳስሰዋል። ችግሩ ማየት ስትጀምር መውደቅም ትጀምራለህ፤ ዓይንህ ከድንጋዩ ከተነቀለ አለቀልህ። ዳገቱ ሲመጣ ደግሞ ወርጄ ቢስክሌቱን እንደ ዳተኛ በሬ እየጎተትኩ ወጣሁት። አውቶቡሱም፣ ቢስክሌቱም በመጨረሻ የሚያስረክቡኝ ለ11 ቁጥር መሆኑን ያኔ ነው ያጤንኩት። ልዩነቱ ቢስክሌቱ ራሱ ጓዝ መሆኑ ነው።

ማታ እየተንሻፈፍኩ ስገባ ባለቤቴ ሶፋ ላይ ተዝናንታለች። አንድም ሐውልት አላየችም። ሆኖም ሲኞራዋ በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ሆነው ምን እንደበሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ለምን ከወንድሙ ጋር እንደማይነጋገር፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ ማንን እንደሚያገባ ታውቃለች። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ጠየቅኳት። «በአንገት» አለችኝ።

ረቡዕ ለእግር ጉብኝቱ አዲሱን ጫማዬን አደረግሁ። ለዚሁ ጉዞ ከመርካቶ የገዛሁት ነው፤ ነጋዴው «ኦሪጅናል የጣሊያን ነው፣ አባቴ ይሙት!» ብሎልኛል። አዲስ አበባ ሳለሁ አመለ ሸጋ ነበር። አገሩ ሲገባ ጠባዩ ተለወጠ። ገና ሁለተኛው መንገድ ላይ ተረከዜን ነከሰኝ።

አስጎብኚዋ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። የታጠፈ ቀይ ጃንጥላ ወደ ላይ ቀስራ «እሱን ተከተሉ፣ ከእሱ አትራቁ» አለችን። ወደ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጃንጥላውን ተከትለን ነጎድን። እኔና ባለቤቴ ተያየን። እኛ ዘንድ ሰው ጥላ ተከትሎ የሚሄደው ታቦት ሲወጣ ነው። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እልል ልትል ጥቂት ነው የቀራት። ሠላሳው ሰው ግን የሚከተለው ጃንጥላ እንጂ ሌላ አይደለም። ጃንጥላው ሲቆም ይቆማል፣ ሲዞር ይዞራል። ባለቤቴ ፀሐይ ሲበረታባት የራሷን ጃንጥላ ዘርግታ ጄላቶ ልትገዛ ስትገባ፣ ሦስት አዛውንት ቱሪስቶች ተከትለዋት ገቡ። እስከ ሒሳቡ ድረስ ከኋላዋ ቆመው ማብራሪያ ጠበቁ።

ፓንቴዎን የሚባለው ጥንታዊ ሕንጻ ስንገባ አስጎብኚዋ አንገታችንን ወደ ላይ አስቀለሰችን። ጉልላቱ ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመትም ልክ ያንኑ ያህል። አናቱ ላይ ግን ክብ ቀዳዳ አለ፤ ሰማይ ይታያል፤ ዝናብ ሲዘንብ ይገባል። ባለቤቴ አንጋጣ አየችና በሐዘኔታ «ጣሪያው ሳያልቅ ገንዘብ አለቀባቸው?» አለች። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚጠይቀው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሕንጻውን አሁን ባለበት መልክ ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ሲሆን፣ ፊቱ ላይ የተጻፈው ግን ከእርሱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ የሠራው የአግሪጳ ስም ነው። እኛ ዘንድ የሰፈር አጥር ቀለም ያስቀባ ሰው እንኳ ስሙን ከበሩ ከፍ አድርጎ ያጽፋል።

ትሬቪ ምንጭ ላይ ሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ሳንቲም ይወረውራል፤ የወረወረ ይመለሳል ይባላል። የሚሰበሰበው ሳንቲም ለችግረኞች መርጃ ካሪታስ ለሚባለው የቤተ ክርስቲያን ድርጅት እንደሚሰጥ ሲነገራት ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፈተች። «ለነዳያን ከሆነማ ጀርባ ምን ያዞራል?» ብላ ፊቷን ወደ ውኃው አድርጋ፣ አማትባ ጣለች።

ጉብኝቱ ያበቃው ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ነው። አስጎብኚዋ ስለ ዓምዶቹ፣ ስለ ጉልላቱ ብዙ ነገረችን። ከዚያ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ግን አላነሣችም። አባቶቻችን መነኮሳት በኢየሩሳሌም አድርገው፣ በረሃውን በእግር፣ ባሕሩን በመርከብ አልፈው ያረፉት እዚያ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት እዚሁ ሮማ ሆነው ነው። አባ ጎርጎርዮስም በ1649 ከጀርመናዊው ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር የተገናኙት እዚሁ ነው፤ በኋላ ላይ የግዕዝና የአማርኛ ትምህርት በአውሮፓ የተስፋፋው በእነሱ ወዳጅነት ነው። አባቶቻችን የ48 ሰዓት የአውቶቡስ ቲኬት አልነበራቸውም። የሚከተሉትም ጃንጥላ አልነበረም።

ከዚያ የፈራሁት ሰዓት መጣ። አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን አወረደች፤ ፈገግ አለች፤ «እንግዲህ ደስ ያላችሁን» አለች።

የአዲስ አበባ ሰው ከዋጋዎች ሁሉ የሚፈራው አንድ ዋጋ አለ። መቶ ብር ቢሉት ሃምሳ ይላል፤ ሺህ ቢሉት ይሄዳል፣ ይጠራል፣ ይመለሳል። «አንተው ታውቃለህ» ካሉት ግን አለቀለት። ዕቃ የተሸከመልህ ወጣት «አንተው ታውቃለህ፣ ጋሼ» ሲልህ ኪስህን ሳይሆን ኅሊናህን ነው የሚበረብረው። ብታሳንስ ትታማለህ፣ ብታበዛ ትታለላለህ፤ ልኩን የሚያውቅ የለም። አጠገቤ የቆሙትን ሰዎች እጅ በጎን ለማየት ሞከርኩ፤ እነሱም የእኔን ያያሉ። በመጨረሻ አንዲት 10 ዩሮ አጣጥፌ፣ እንደ ለቅሶ ቤት በእጅ አሾልኬ ሰጠኋት። ሴትዮዋ ስትዘረጋው ፊቷ በራ፤ እጄን ሁለት ጊዜ ጨበጠችኝ። ማታ ሒሳብ ስናወራርድ ነው 20 ዩሮ የጎደለው። ከ10ሯ ጋር ተጣብቃ አብራ ሄዳለች። እንዲህ ሆኖ ነጻው ጉብኝት ከሦስቱ ሁሉ ሳይወደድ አልቀረም።

ሐሙስ ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ቦርሳዋን አንግታ፣ ልጇን አስከትላ ወጣች። ወረቀት የለም፣ ጃንጥላ የለም። አካሄዷ ዘገምተኛ ነው፤ ዊልቸር መግፋት ያስለመዳት አካሄድ። ከተማይቱን የምታውቀው በሲኞራዋ ልክ ነው። «ይቺ ጠርዝ ጎማ አታስወጣም፣ በዚያ ዙሩ። እዚህ አግዳሚ ላይ ከአራት ሰዓት በኋላ ጥላ አለ። እዚያኛው ላይ ርግብ ትኮሳለች።» መንገድ ዳር ቀን ከሌት ከሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ፊት ቆመች፤ ሮማውያን «ናሶኒ» ይሏቸዋል፣ አፍንጮ እንደማለት ነው። አፉን በጣቷ ድፍን ስታደርገው ውኃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ፏ ብሎ ወጣ። ጎንበስ ሳንል ጠጣን። ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ በዩሮ ስንገዛ ከርመናል።

ቡና ቤት ስንገባ ወንበር ልስብ ስል እጄን ያዘችኝ። «ቁጭ ካልክ ዋጋው ሌላ ነው፤ እዚህ ሰው ቆሞ ነው የሚጠጣው።» ማኪያቶ አዘዝን። የመጣው ነገር አንድ ጉንጭ ነው፤ ወተቱ ገና ሳያርፍበት የተነሣ ይመስላል። ባለቤቴ ስኒውን ዘቅዝቃ አየችና «ይኼ የእኛው ማኪያቶ ናሙና ነው» አለች። ባለቡና ቤቱ የአክስቴን ልጅ በስሟ ጠርቶ ስለ ሲኞራዋ ጉልበት ጠየቃት። ጋዜጣ ሻጩም ጠየቃት። በሦስት ቀን ጉብኝት እኛን ማንም ምንም አልጠየቀንም ነበር፤ የት መውረድ እንደምንፈልግ ካልሆነ በቀር።

ካምፒዶሊዮ ከሚባለው ኮረብታ ደረጃ ሥር ስንደርስ ቆመች።

«ከዚህ ነው የተነሣው» አለች።

«ማን?»

«ጋሼ ደግሞ! አበበ ቢቂላ ነዋ!»

ኮሎሲየም ገብታ የማታውቀዋ የአክስቴ ልጅ የአበበን መንገድ ታውቀዋለች። ሮማ የገባች ዓመት፣ ሥራ ሳታገኝ በፊት፣ ገንዘብ የማያስከፍል የምትሄድበት ቦታ ፈልጋ ነው የጀመረችው። መጨረሻውን በእግሯ ደጋግማዋለች። ከዚያ በጥንቱ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ዳር አድርጋ ፖርታ ካፔና አደባባይ አደረሰችን። የአክሱም ሐውልት ይቆም የነበረው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስቶች ተወስዶ መጣ፤ በ1947 የሰላም ውል ጣሊያን በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ፈረመች፤ በ2005 በአውሮፕላን ተመለሰ። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። አሁን በአደባባዩ መኪና ይዞራል። ከአደባባዩ ዳር ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ተረከዜ ቲማቲም መስሏል።

አበበም አዲስ ጫማ አልመቸው ብሎት ነው የሮማን ኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ሽሽት ሯጮቹ ወደ ማታ ላይ ተነሡ፤ ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው አፒያ አንቲካ ዳር ቆሙላቸው። እኔ በጎማ ላይ ተቀምጬ እስክስታ የመታሁበትን ያንን መንገድ እሱ በጨለማ፣ በባዶ እግሩ መጣበት። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሆነው እዚህ ሐውልቱ አጠገብ ሲደርሱ ጥሎት ሄደ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው። ሮማን በዚያ ፍጥነት የጎበኘ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ የመጨረሻዋን መንገድ ቀስ ብለን ሄድናት። የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ስንደርስ መብራቱ በርቷል፤ ከጎኑ ኮሎሲየም ተገትሯል። ልጁ ስልኩን ይዞ ከእኔ ተጠጋ። የአበበን ፎቶ አውጥቷል፤ ልክ እዚሁ ሲገባ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ባዶ እግሩን። ልጁ በሁለት ጣቱ ፎቶውን አሰፋና ደረቱን አሳየኝ።

«ቁጥሩን እየው፣ አጎቴ።»

11 ይላል።

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባለቤቴ ሳቀች፤ የአክስቴ ልጅም ሳቀች። 20 ዓመት ሙሉ መንገዱን ስትመላለስበት ቁጥሩን ልብ ብላ አታውቅም።

«በይ እንግዲህ፣ ሒሳብሽን ንገሪኝ» አልኳት። «ዛሬ አስጎብኚያችን አንቺ ነሽ።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አስተካክላ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «አንተው ታውቃለህ፣ ጋሼ።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ሳልከት መታችኝ።

ልጁ ወደ መንገዱ አሳየን፤ ወደ ቤት የሚሄደው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደርሶ በሩን ከፍቷል። እኔ ወደ እሱ መራመድ ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ ግን፣ ያቺ ሮማ የመጣሁት ለመራመድ አይደለም ያለችው፣ ጃንጥላዋን አጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችና የአክስቴን ልጅ ክንድ ያዘች።

«ተዉት ይሂድ» አለች። «በ11 ቁጥር እንሂድ።»

ሦስቱ ወሬያቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ። አውቶቡሱን በዓይኑ የሸኘው፣ ጫማውን በእጁ የያዘው ሰውዬ ብቻ ነው።